ክፍተቱን የከደነው ሌባ

ሰርቨሩ የለም። በቃ፣ የለም!

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር የብረት ካቢኔውን በር በሁለት እጃቸው ይዘው ማሽናቸው የነበረበትን ቦታ አፍጥጠው ያያሉ። ከላዩ የሰው ማሽን አለ፣ ከታቹም የሰው ማሽን አለ፤ ሁሉም መብራታቸውን ብልጭ ድርግም እያደረጉ ያጓራሉ። የሳቸው ቦታ ላይ ግን ልሙጥ ጥቁር መክደኛ ተገጥሞበታል። እዚያ ምንም ነገር ተቀምጦ የሚያውቅ አይመስልም።

«ጠዋት የልጄን ፎቶ ልይ ብዬ ስልኬን ብከፍት እምቢ አለኝ» አሉ። ክፍሉ ስለሚጮህ እሳቸውም መጮህ ነበረባቸው። «አጠፋሁት፣ አበራሁት። እምቢ! ሳላያት እህል አልቀምስም እኮ። ብድግ ብዬ መጣሁ።»

መርማሪዋ አጠገባቸው ቆማ ሰማቻቸው። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ቃሪያ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ ቅርም አይላትም። ዛሬ ግን ገና ከማለዳው አንጀቷ እርር ብሏል። ይሄ ማሽን ምን እንደያዘ ከተማው በሙሉ ያውቃላ!

የልብስ ፋብሪካው ሲቃጠል የአደጋ ጊዜ መውጫው ተቆልፎ ነበር። ባለፋብሪካው «ክፍት ነበር፤ ደንግጠው ተረጋግጠው ነው ያለቁት» ይላል። በፋብሪካው ትሠራ የነበረችው የሹፌሩ ሴት ልጅ ደግሞ እዚያው በር ሥር ሆና በስልኳ ስትቀርጽ ነበር። ስልኩ ከሷ ጋር ተቃጠለ፤ ቪዲዮው ግን ቀድሞ ወጥቷል። ታላቅ ወንድሟ የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ የሚሰበስብ የራሳቸውን ሰርቨር ገጣጥሞ፣ ቤት መብራት እየጠፋ ቢያስቸግረው እዚህ ዳታ ሴንተር ቦታ ተከራይቶ አስቀምጦት ነበር። ካቢኔው የጋራ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች፣ እንደ ኮንዶሚኒየም። የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ የቀረጸውን ወዲያው ወደዚህ ይልካል። በሩን ማን እንደቆለፈው የሚመሰክር ነገር ቢኖር ይሄ ማሽን ብቻ ነው፤ ሰኞ የፍርድ ቤቱ ባለሙያ መጥቶ ሊረከበው ነበር።

«ቅጂስ?» አለች መርማሪዋ።

«ጠበቃችን ነው አትንኩት ያለኝ። ‹ከነካካችሁት አቀናብረውታል ይሉናል፤ የፍርድ ቤቱ ሰው በገዛ እጁ ያውጣው› አለ። የይለፍ ቃሉንም ቀየርነው። አሁን እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው።»

«ያን ሁሉ ነፍስ አንድ ብረት ላይ አንጠልጥላችሁ!» ልትል አፏን ከፈተችና ፊታቸውን አይታ ዋጠችው። «እርስዎስ አይተውታል?»

«መጀመሪያውን። ‹አባዬ› እስክትል። ከዚያ ወዲያ አቃተኝ።» የካቢኔውን በር መልሰው ዘጉት። «ጠበቃው ግን ጨርሶታል። ጫጫታው መሃል የሚያዝ የወንድ ድምፅ አለ፣ ባለሙያ ያጠራዋል ብሎኛል።»

አጠገባቸው የቆመው ወንድ ልጃቸው የካቢኔውን እግር በጫማው ጠለዘው። «ምን ማጥራት ያስፈልጋል? ባለፋብሪካው ነዋ! ያስሰረቀውም እሱ ነው! ሂዱና ያዙት፣ እዚህ ምን ትገተራላችሁ?»

«ተው ልጄ» አሉ አባት። ወደ መርማሪዋ ዞረው «ይፈረድበታል? እሱም እዚያው ነበር የሚሠራው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ገብቶ የፈረቃ ኃላፊ አድርገውት ነበር። የዚያን ቀን ምሳ ወጥቶ ነው የተረፈልኝ» አሉ።

መርማሪዋ ልጁን አየችው። ዓይኑ ፍም መስሏል። የተቆጣ ሰው ይገባታል፤ እሷም እንደሱ የሚጠለዝ ነገር ስትፈልግ ነበር።

*

በከተማው ከዚህ ሕንፃ የሚቀዘቅዝ የለም፤ የዳታ ሴንተሩ ሥራ አስኪያጅ ግን ላቡን ይጠርጋል።

«ካቢኔው አልተሰበረም» አለች መርማሪዋ። «ቁልፍ ያለው ማነው?»

«ደንበኞች።»

«የዚህን ካቢኔ ነው የጠየቅኩዎት።»

«እኔም እሱኑ ነው የምመልስልዎት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የካቢኔዎቹ ቁልፍ አንድ ዓይነት ነው። ከተሠሩበት ሲመጡ እንዲሁ ነው የሚመጡት።»

«የአንዱ ቁልፍ የሁሉንም ይከፍታል ነው የሚሉኝ?»

«ዋናው በር ላይ ግን ካርድ አለ! ካሜራ አለ!»

«ካሜራው ትናንት ምን አየ?»

«ትናንት... ትናንት እንኳ ትልልቆቹን ባትሪዎች ስንቀይር ጠፍቶ ነበር።»

«በሩስ?»

«ባትሪው ከባድ ስለሆነ በእንጨት አስደግፈን ከፍተነው ዋልን።»

«የክፍሉ ጥበቃስ?»

«ባትሪ ሲያግዝ ነበር።» ቶሎ ብሎ ጨመረበት። «ግን ለደንበኞቻችን ሁሉ አስቀድመን መልእክት ልከናል! ‹በዚህ ቀን የባትሪ ሥራ አለ› ብለን!»

«ጎሽ! ‹ሌቦች ሆይ ኑ፣ በሩ ክፍት ነው› ብላችሁ!» መርማሪዋ ከወንበሯ ተነሳች። «ሰው እናንተን አምኖ፣ ቤቴ መብራት ይጠፋል ብሎ የልጁን የመጨረሻ ድምፅ አምጥቶ ያስቀምጣል፣ እናንተ በእንጨት ትደግፋላችሁ!»

«ከዛሬ ጀምሮ ተጨማሪ ጥበቃ ቀጥረናል።»

«ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ አሉ!» አለችው። ከዚያ ከደጅ ስትደርስ አንድ ነገር ትዝ ብሏት ተመለሰች። «ማሽኑ በነበረበት ቦታ ጥቁር መክደኛ የገጠመው ማነው?»

«እ... የኛ ልጆች ይሆናሉ። ክፍት ቦታ ሲያዩ ይከድናሉ፤ ለአየሩ ነው።»

እሷም ለጊዜው አመነችው። ባታምነው ኖሮ አንድ ሙሉ ቀን ባልባከነባት ነበር።

*

ያን ቀን የበላው ባለፋብሪካው ነው። የዳታ ሴንተሩን ግቢ በር የሚጠብቀው ዘበኛ የሱ መኪና ትናንት እዚያ ቆማ እንደነበር ለረዳቷ ለሳጅኑ ሲነግረው መርማሪዋ በደስታ ጠረጴዛውን ደለቀችው። ያዝኩህ! አለች በሆዷ።

ባለፋብሪካው ሰፊ ቢሮው ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጦ ጠበቃት። ሠራተኞቹ ካለቁ ወዲህ እንኳ ኪሎ ጨምሯል።

«መኪናዬ ነበረች፣ አዎ» አለ። «እኔም እዚያው ማሽን አለኝ እኮ፣ እህቴ። የቢሮ ልጆቼን ዲስክ ቀይሩ ብዬ ላክኋቸው። አከራዩ ለኔም ያከራያል፣ ለሹፌርም ያከራያል። ጎረቤታሞች ነን!» ሳቀ።

«ሰዎች የሞቱበት ጉዳይ ነው፤ አይሳቁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። ያ ቪዲዮ ቢገኝ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። ፈልጊው። አግኚውና አምጪው፣ ሁላችንም እንየው።»

አቤት ድፍረት! መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ አለቃዋ ደወለ። «ሰውየውን ምን አድርጊ ተባልሽ? ትልቅ ባለሀብት ነው። ጉዳዩ አንድ ኮምፒውተር ተሰረቀ፣ አይደል? እንደ ኮምፒውተር ስርቆት ያዢው።»

«አንድ ኮምፒውተር!» አለች ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ብቻዋን፣ መንገደኛው ዞሮ እስኪያያት። «ሂድና እናቶቻቸውን እንዲህ በላቸው!»

ንዴት ግን ማስረጃ አይሆንም። የግቢው ዘበኛ ባለፋብሪካውን ዓይኑን ማየት አይወድም፤ እሳቱ የአክስቱን ልጅ ወስዶበታል። ስለዚህ መኪናዋ ስትወጣ ኮፈኗን፣ ሻንጣዋን፣ ወንበሯን ሳይቀር አስነስቶ ፈትሿል። ምንም አልነበረም። በጋሪ አሮጌ ባትሪ እየገፉ የሚመላለሱትን፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱትን ሠራተኞች ግን ማንም አልፈተሸም። ሰደርያ ያጠለቀ ሁሉ ሠራተኛ ተብሎ ያልፍ ነበር።

ማምሻውን ሳጅኑ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። «የዳታ ሴንተሩን ልጆች አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ያንን ካቢኔ የነካ የለም። መክደኛውንም አልገጠምንም ይላሉ።»

«እና ማን ገጠመው?»

«እንግዲህ... ሌባው ነዋ።»

«ሌባ ሰርቆ፣ ከድኖ፣ አስተካክሎ ይወጣል እንዴ?» አለች። ሳጅኑ ትከሻውን ነቀነቀ። እሷ ግን የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

*

ከሹፌሩ ማሽን በላይ ያለው ማሽን የአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ነው። ከሹፌሩ ቤተሰብ ጋር ባንድ ወቅት ክፉኛ እንደተጣላ ሰምታ ነበርና በማግስቱ ከሳጅኑ ጋር ሱቁ ድረስ ሄደች።

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም» አለ አከፋፋዩ። ያልተላጨ ጺሙ ውስጥ ፈገግታው ይታያል። «ግን ከትናንት ወዲያ ሚስቴ ምጥ ላይ ነበረች። ከማዋለጃ ክፍሉ በር ንቅንቅ አላልኩም፤ ነርሶቹ ውጣ ሲሉኝ ነው የዋሉት። ሴት ልጅ!»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች ሳትወድ በግድ፤ ሳጅኑ ወጣ ብሎ ሆስፒታሉ ደወለ፤ እውነት ነበር። «በምን ነበር ጠባችሁ?»

«በሙቀት። እነዚህ ማሽኖች ቀዝቃዛውን አየር በፊት ለፊት ይስባሉ፣ ሙቁን በጀርባ ይተፋሉ። መሃል ላይ ቀዳዳ ከተተወ ሙቁ በዚያ ሾልኮ ወደፊት ይመለሳል። ያኔ የኔ ማሽን ጎረቤቱ የተፋውን መልሶ ይስባል ማለት ነው! እንግዲህ አንድ ቀን ማሽናችንን እናጽዳ ብለው አውጥተው ቦታውን ክፍት ጥለውት ሄዱ። የኔው ግሎ ጠፋ። የመጋዘኑን ፍሪጆች የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ ፍሪጅ ሙሉ መድኃኒት ተበላሸብኝ። የስኳር በሽተኞች መድኃኒት!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጮህኩበት። ኮሌታውን ሁሉ ይዤዋለሁ፣ እግዜር ይይልኝ። ጨዋ ልጅ ነው ግን። በማግስቱ መክደኛ ገዝቶ መጣና ይቅርታ ጠየቀኝ። ‹ሰው ልገድል ነበር› አለኝ፣ እንባ ባይኑ ሞልቶ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ለአፍታ እንኳ ቢያወጣው ሳይከድን ካቢኔው ፊት ዞር አይልም። እጁ ለምዷል። ከደንበኞች መሃል እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላየሁም፤ ሥራ አስኪያጁ ስንት ጊዜ ለምኗቸው!»

«ማነው ልጁ?» አለች፣ መልሱን እያወቀችው።

«የሹፌሩ ልጅ ነዋ። ወንዱ።»

አመል ያወጣል ከመሃል ማለት ይሄ ነው። መርማሪዋ ውጭ ወጥታ መኪናው ውስጥ ገባች፤ ቁልፉን ግን አላዞረችውም። የልጁ የተቆጣ ዓይን፣ «ያዙት!» ያለው ነገር ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። እሷም እኮ ወዳው ነበር! በገዛ ራሷ ተናደደች፤ መሪውን በመዳፏ መታችው፤ ሳጅኑ ወደ መስኮቱ ዞሮ ያላየ መሰለ።

*

ልጁ ፋብሪካው ከተቃጠለ ወዲህ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ መጠገኛ ከፍቷል። ሆዳቸው የተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች ግድግዳውን ሞልተውታል። ሲያያቸው መበየጃውን ይዞ ተነሳ።

«ያዛችሁት?» አለ።

መርማሪዋ ሰላምታም አልሰጠችው። «ማሽኑን ስታወጣ ለምን ከደንክበት?»

«ምን?»

«ልብህ እየመታ፣ ሰው መጣ አልመጣ እያልክ፣ የሰው ሰደርያ ለብሰህ። እዚያ ላይ ቆመህ መክደኛ ትገጥማለህ። ለምን?»

ልጁ አፉን ከፈተ። ምላሱ ከሱ ቀደመች። «ከላይ የመድኃኒቱ ማሽን ነበራ... ይሞቅበታል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የተናገረውን ራሱ ሲሰማው መበየጃውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና በርጩማው ላይ ዘፍ አለ።

«ለፍሪጅ አዘንክ!» አለች መርማሪዋ። «ለማታውቀው የስኳር በሽተኛ አዘንክ! ለገዛ አባትህ ማዘን አቃተህ? ሽማግሌው በየጠዋቱ የልጃቸውን ፎቶ እያዩ እኮ ነው እህል የሚቀምሱት!»

«ለሱ ብዬ ነው!» ጮኸ ልጁ። «እንዳይሰማው ብዬ ነው! ያ የወንድ ድምፅ የኔ ነው!»

ሳጅኑ በሩን መለስ አደረገው።

«ምሳ አልወጣሁም» አለ ልጁ መሬት መሬቱን እያየ። «የእሳት አደጋ ደወሉ በየሳምንቱ በውሸት ይጮህ ነበር። ሲጮህ ሁሉም ሥራ ጥለው ይወጣሉ። የዚያን ቀን ጭነት ነበረብን። ባለፋብሪካው ደወለልኝ። ‹መውጫውን ቆልፈው፣ ማንም እንዳይነቃነቅ፣ ጭነቱ ካልወጣ አንተም ነገ እንዳትመጣ› አለኝ። ከውጭ ሆኜ ቆለፍኩት። ‹የውሸት ነው፣ ወደ ሥራችሁ› አልኳቸው። ከዚያ ደወሉን ላጠፋ ወደ ሕንፃው ፊት ዞርኩ... ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስመለስ ጭሱ አላስጠጋኝም። አላስጠጋኝም እኮ!»

«ባለፋብሪካው ያዘዘህ ቪዲዮው ላይ ይሰማል?»

«እንዴት ይሰማል? በስልክ ነው። የሚሰማው የኔ ብቻ ነው።»

መርማሪዋ የሰፊውን ቢሮ ሳቅ አስታወሰች። «ቢገኝ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ።» ለካ ድፍረት አልነበረም! ቪዲዮው ሲታይ ጥፋቱ ሁሉ አንድ የፈረቃ ኃላፊ ላይ ይወድቃል፣ እሱ እጁን ታጥቦ ይወጣል። ይህ ልጅ አፉን እስከዘጋ ድረስ።

«የት ነው ማሽኑ?»

ልጁ ከጠረጴዛው ሥር ብርድ ልብስ ገለጠ። ሰርቨሩ አንድም ጭረት ሳይነካው በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ለምን አልሰባበርከውም?»

«የሷ ፎቶ አለበታ» አለ። «የልጅነቷ ሁሉ። እንዴት ብዬ?»

*

ጠበቃው ማሽኑን ለማስነሳት ፈቃድ አስጨርሶ፣ የፍርድ ቤቱን ባለሙያ ይዞ መርማሪዋ ቢሮ መጣ። ባለሙያው መጀመሪያ ቅጂውን አወጣ። አባት ራሳቸው የይለፍ ቃሉን አስገብተውለታል። ልጁ በሳጅኑና በግድግዳው መሃል ተቀምጧል። ማሽኑ የት እንደተገኘ ለአባት ገና አልተነገራቸውም። መርማሪዋ አፏን ስትከፍት ልጁ «እኔ ልንገረው» አላት፤ አልነገረም። አንዴ ጀመረ፣ አቃተው። ሁለተኛም ጀመረ። በመጨረሻ ሽማግሌው «ዛሬ እስከ መጨረሻው አየዋለሁ» ብለው ወንበራቸውን ሳቡ።

ጭስ። ጩኸት። የብረት በር የሚደበድብ እጅ። «አባዬ፣ በሩ ተቆልፏል፣ አባዬ...» እስከ ዛሬ የሚያቆሙት እዚህ ጋ ነበር። አሁን አላቆሙም።

ከበሩ ወዲያ ማዶ የወንድ ድምፅ ተሰማ። «የውሸት ነው ብያለሁ! ወደ ማሽናችሁ ተመለሱ!»

የልጅቷ ድምፅ ተከተለው። «ወንድም ጋሼ! ጭስ እኮ ነው! ወንድም ጋሼ፣ ክፈትልን!»

ጠበቃው ‹ወንድም ጋሼ›ን ለማንም ታላቅ የሚባል መስሎት አልፎት ነበር፤ አባት ግን ድምፁን ባለሙያ ሳያጠራው ለዩት። ሽማግሌው ስክሪኑ ከጨለመ በኋላም እያዩት ቆዩ። ልጁ ከወንበሩ ተንሸራቶ እግራቸው ሥር ወደቀ።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ።»

«እኔን ለምን ትለምነኛለህ?» አሉት። «በሩ ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ?»

ልጁ ጉልበታቸውን ይዞ ተንሰቀሰቀ። እሳቸው አልነኩትም፤ አልገፉትምም። «ምሳ ወጥቼ ነበር አልከኝ። አንዱን ተወልኝ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ሬሳዋ ፊት ቆሜ አመሰገንኩ! እንዲህ ታደርገኛለህ?»

መርማሪዋ ጣልቃ መግባት ነበረባት፤ ሥራዋ ነው። ለልጁ ቃሉን ያለመስጠት መብት እንዳለው ነገረችው። ከተናገረ በራሱ ላይ እንደሚመሰክር፣ ካልተናገረ ደግሞ ያዘዘው ሰው ነፃ እንደሚወጣም አልደበቀችውም።

«ማነው ያዘዘህ?» አሉ አባት።

ልጁ ፊቱን ጉልበታቸው ላይ ቀበረ።

«ጥራው! እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ! እሷ አንተን እንደጠራችህ ጥራው!»

ጠራው። ከነሙሉ ስሙ፣ ከነአባቱ። ስልኩን መቼ እንዳነሳ፣ ሰውየው ምን እንዳለው፣ ምን ብሎ እንዳስፈራራው አንድ ሳያስቀር ዘረገፈው፤ ሳጅኑ እየጻፈ እጁ ዛለ።

የመርማሪዋ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው። «ማሽኑ ተገኘ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ሌባውን ያዢና ፋይሉን ዝጊው።»

«ባለፋብሪካውን ልይዝ እየወጣሁ ነው» አለችው። «ማስቆም ከፈለጉ በጽሑፍ ይስጡኝ፤ ፊርማዎን አስገብተው።» ዘጋችውና ጃኬቷን አነሳች።

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ።

«ተወው» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ይዤዋለሁ።»

የልጃቸውን እጅ አንጓው ላይ ጨብጠው ከመሬት አስነሱት። ያ ሁሉ ዘመን የአውቶቡስ መሪ የያዘ እጅ ነው፤ የልጁ ጣቶች ደም አጥተው ነጡ።

«አባዬ፣ ያመኛል።»

«ይመምህ» አሉት፤ በኮሪደሩም ይዘውት ሄዱ። እስከ ተጠርጣሪዎች ማረፊያ ክፍል ድረስ አልለቀቁትም።